ማን ከማን ጋር ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ የምርጫ ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ያሸንፋል የሚለው አይደለም። ማን ከማን ጋር ነው የሚለው ነው። ቁርስ ቤትም፣ መናኸሪያም፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥም ይኸው ነው። «እገሌ ወጣ አሉ።» «ከእነ እገሌ ጋር ገጠመ አሉ።» «ማኅተሙ አሁን ማን እጅ ነው?» ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ሐሜት ይመስላል። እኔ ግን ሐሜት ነው አልልም። ሰሜን ሸዋ ድምፁን ከሰጠ በኋላ የሰጠውን ድርጅት በተደጋጋሚ ያጣ አገር ነው። እንዲህ ያለ መራጭ ከፕሮግራሙ በፊት «ለመሆኑ አብራችሁ ትቆያላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ፓርቲ ሲሰነጠቅ ዜናው የአዲስ አበባ ነው። መግለጫው እዚያ ይሰጣል፣ ቃለ መጠይቁ እዚያ ይደረጋል፣ ሽምግልናውም እዚያ ነው። ዕዳው ግን ወደ እነዋሪ፣ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ አረርቲ ይወርዳል። ስሙን አስይዞ፣ ደጅ ለደጅ ዞሮ፣ ጎረቤቱን ያስመዘገበው የወረዳ ሰው ነው መልስ የሚጠየቀው። ስለ እሱ የሚጽፍ ሰው ብዙ አላየሁም።

ታሪኩን ከራሳችን ከተማ ልጀምር። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን፣ መዐሕድ የምንለውን፣ በ1984 ዓ.ም. መሠረቱ። በታኅሣሥ 1985 ደብረ ብርሃን መጥተው ለሕዝብ ንግግር አደረጉ። ያ ንግግር በኋላ ክስ ሆነባቸው። ታሰሩ፣ ታመሙ፣ በ1991 ለሕክምና በሄዱበት አሜሪካ አረፉ። እዚህ አካባቢ ዛሬም ስማቸው ሲነሳ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሽማግሌ አለ።

እሳቸው የመሠረቱት ቤት ግን አንድ ሆኖ አልቀጠለም። እነ ልደቱ አያሌው ወጥተው በ1992ቱ ምርጫ ዋዜማ የኢትዮጵያውያን ዴሞክራሲያዊ ፓርቲን፣ ኢዴፓን፣ አቋቋሙ። የቀሩት በኢንጂነር ኃይሉ ሻውል መሪነት የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት፣ መኢአድ፣ ሆኑ፤ «ዐማራ» የሚለው ቀርቶ «ኢትዮጵያ» ገባ። ለብዙ የመንዝ፣ የቡልጋና የተጉለት ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አንዳንዱ «ተገቢ ነው፣ አገር ነው የሚሻለው» አለ። አንዳንዱ «የአሥራትን አደራ ጣሉት» አለ። ያ ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ ኋላ ላይ የመጡ ፓርቲዎች ሁሉ አንድ እግራቸው እዚያ ክርክር ውስጥ ነው።

ከዚያ 1997 መጣ። ምርጫው ጥቂት ወራት ሲቀሩት አራት ድርጅቶች ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ብለው ገጠሙ። መኢአድ፣ እነ ልደቱ ያሉበት ኢዴአፓ መድኅን፣ ቀስተ ደመና እና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ ነበሩ። ልብ በሉ፤ ከአንድ ቤት ተለያይተው የወጡት ኃይሉ ሻውልና ልደቱ አያሌው እንደገና በአንድ ምልክት፣ በሁለት ጣት፣ ሥር ቆሙ። ያኔ የድሮውን ጠብ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ቢያነሳም አይሰማም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል ነበር። ሰውም ከልቡ አምኖ ነው የሚለው።

በዚያ ዓመት ጅሩ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። የምርጫ ጣቢያው የትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል ሆነ፤ እኔም ከአስፈጻሚዎቹ አንዱ ሆንኩ። ግንቦት 7 እሑድ ነበር። በሩን ልንከፍት ስንመጣ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ መንገዱ ላይ ደርሷል። አንዳንዱ ጋቢውን እንደተከናነበ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። አራስ ልጅ ያዘለች ሴት ከፊት አለች፤ ማንም ተራሽ አይደለም አላላትም።

አንድ አባት ወረቀቱን ተቀብለው ቀና አሉና «ልጄ፣ ሁለቱ ጣት የት ጋ ነው?» አሉኝ። ጮክ ብለው ነው ያሉት፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ሰማ። የንቡ፣ የገዢው ኢሕአዴግ፣ ታዛቢ ወደ እኔ አየ። የቅንጅቱም ታዛቢ አየ። «አባቴ፣ እኔ ላሳይዎ አይፈቀድም፤ መጋረጃው ጀርባ ሆነው ራስዎ ይዩት» አልኳቸው። ወደ ውስጥ ገቡና ቆዩ። በጣም ቆዩ። ሲወጡ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ኮሮጆው ውስጥ ሲከቱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ጸሎት ይመስለኛል።

ቆጠራው ሌሊቱን ሙሉ በፋኖስ ተካሄደ። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጭረት ይጨምራል። «ጣት። ጣት። ንብ። ጣት።» ሲነጋ ውጤቱን በሩ ላይ ለጠፍነው። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እያነበበለት ነበር።

እኚያ አባት ድምፃቸውን የሰጡት ለአራት ድርጅቶች አልነበረም። ድርጅቶቹ አራት መሆናቸውን በሰልፉ ላይ ስንቱ ያውቅ ነበር? ደንባቸውን ያነበበ አልነበረም። ውህደት ይሁን ጊዜያዊ ስምምነት የጠየቀ አልነበረም። እሳቸው የሚያውቁት ሁለት ጣት አንድ ላይ ሲቆም ነው። የተፈራረሙት ሰዎች ደግሞ ምርጫ አብሮ መወዳደርን እንጂ፣ ከምርጫው ማግስት አብሮ መኖርን በደንብ አልተነጋገሩበትም። ለእኔ የችግሩ ሥር እዚህ ጋ ነው።

ምርጫ ቦርድ ባወጣው የመጨረሻ ውጤት ከ547 የፓርላማ መቀመጫ ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት የሚባለው ሌላው የተቃዋሚዎች ጥምረት 52 አገኙ። በአማራ ክልል ምክር ቤትም ከ294 መቀመጫ ቅንጅት ከመቶ በላይ ወሰደ። ውጤቱ አወዛገበ፤ በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 የሰው ሕይወት ጠፋ። መሪዎቹም ታሰሩ። የዚያን ጊዜ ጥያቄዎች ሁሉ ባንዴ መጡ። ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ? ድርጅቶቹ ይዋሃዱ ወይስ እንደ ቅንጅት ይቀጥሉ? ኢዴአፓ መድኅን በውህደቱ ደንብ ላይ ጥያቄ አንስቶ ማኅተሙን ሳያስረክብ ቀረ። ከተመረጡት ገሚሶቹ ገቡ፣ ገሚሶቹ አልገቡም። በአንድ ምልክት የተመረጡ ሰዎች በማግስቱ በሁለት ተቃራኒ መንገድ ሄዱ፤ ሁለቱም «የሕዝብ ድምፅ አደራ አለብኝ» ይሉ ነበር።

መሪዎቹ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ተፈቱ። ሰው ደስታውን ሳይጨርስ መለያየታቸውን ሰማ። ኃይሉ ሻውል ወደ መኢአድ ተመለሱ። ብርቱካን ሚደቅሳና ባልደረቦቿ በ2000 አንድነት ፓርቲን መሠረቱ። ብርሃኑ ነጋ ውጭ አገር ሆኖ ግንቦት 7 የተባለውን ንቅናቄ አቋቋመ። ቅንጅት የሚለው ስም ደግሞ በቦርዱ ውሳኔ ለእነ አየለ ጫሚሶ ተሰጠ።

አሁን ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። የፓርቲውን ስም አልጠቅስም፤ ሰውየውንም ሰው አይወቅብኝ። ጋሼ እንላቸዋለን። እህልና ጨው የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ የወረዳ አስተባባሪ ነበሩ። የአባልነት መዋጮ የሚሰበስቡበት የደረሰኝ ጥራዝ ከዱቤ ደብተራቸው ጎን ይቀመጥ ነበር። ቡና የሸጠች ሴት፣ በግ የሸጠ ገበሬ፣ ሁለት ብርም አምስት ብርም ይከፍላል፤ እሳቸው ስሙን ቀስ ብለው ይጽፋሉ፣ ቀዩን ቅጠል ቀደው ይሰጣሉ፣ የካርቦኑን ቅጂ ያስቀራሉ።

ፓርቲው የተሰነጠቀ ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ደብዳቤ ደረሳቸው። ሁለቱም የፓርቲው ስም ያለበት ወረቀት ላይ ነው። ሁለቱም ማኅተም አላቸው። አንዱ «ራሳቸውን አመራር ነን ከሚሉ ሕገወጦች ጋር ምንም ዓይነት ግንኙነት እንዳያደርጉ» ይላል። ሌላውም ያንኑ ይላል፤ ሕገወጥ የተባለው ብቻ ተለወጠ። ጋሼ ሁለቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። «አንተ አስተማሪ ነህ፣ እስቲ የቱ ነው እውነተኛው?» አሉኝ። ማኅተሞቹን አተኩሬ አየሁ። ክብ ናቸው፣ ሰማያዊ ናቸው፣ አንድ ዓይነት ናቸው። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ የሚገባው ሰው ጥያቄው ሌላ ሆነ። «ጋሼ፣ ያ የከፈልነው ብር ለማን ሆነ?» ይላል። ክፋት የለውም፤ ጥያቄው የእውነት ነው። እሳቸው ግን ያ ጥያቄ ሰበራቸው። የካቢኔ ሰው ሲያስፈራራቸው ያልፈሩ ሰው ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ፊት ውሸታም መምሰሉን ግን አልቻሉትም። የደረሰኙን ጥራዝ ሰበሰቡና ከፖለቲካ ወጡ። «ጎመን በጤና» አሉ። በየወረዳው ስንት እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ሳስብ ውስጤ ይቃጠላል። ፓርቲ ሲሰነጠቅ መሪ ሌላ ፓርቲ ያቋቁማል። እንዲህ ያለውን ሰው ግን ከየት ታመጣዋለህ?

መሰንጠቁ እዚያ አላበቃም። አንድነት ውስጥ «መርህ ይከበር» ያሉት ወጡ፤ ከእነሱ ጋር የነበሩ ወጣቶች ኋላ ሰማያዊ ፓርቲን መሠረቱ። በጥር 2007፣ አምስተኛው ምርጫ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ቦርዱ በውስጥ ክርክራቸው ላይ ወስኖ አንድነትን ለእነ ትዕግስቱ አወሉ፣ መኢአድን ለእነ አበባው መሐሪ አጸደቀ። ሰሜን ሸዋ በደንብ የሚያውቃቸው ሁለት ስሞች በአንድ ወር እጅ ቀየሩ። በዚያ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱ። የክልላችን ምክር ቤት 294 መቀመጫም እንደ 2002ቱ ሁሉ በክልላችን የኢሕአዴግ አባል የነበረው የብአዴን ሆነ።

ያን ውጤት በመሰንጠቅ ብቻ ማስረዳት ልክ አይሆንም። እስሩ፣ ጫናው፣ የሜዳው መጥበብ ነበር፤ በዓይናችን አይተነዋል። ግን ሁሉንም በገዢው ፓርቲ ላይ አላክኮ መሄድም አያዋጣም። ሜዳው ለቀቅ ባለበት ጊዜም ተሰነጣጥቀናል።

የምርጫ ሥርዓታችን ራሱ መግጠምን ያስገድዳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ለምሳሌ አንድ ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንዱ 400፣ ሁለተኛው 310፣ ሦስተኛው 290 ቢያገኙ ባለ 400ው ይገባል። ስድስት መቶው ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። ስለዚህ ምርጫ ሲደርስ ሁሉም «እንግጠም» ይላል። የሚገጥመው ግን ተስማምቶ ሳይሆን ሒሳቡ አስጨንቆት ነው። ሒሳቡ ያገጣጠመውን ሰው ከሒሳቡ በኋላ የሚያቆየው ነገር ያስፈልጋል። እሱ ነው የጎደለው።

የሚገርመኝ ይህን ዕውቀት ከውጭ የምናስመጣው አለመሆኑ ነው። የሰፈራችን እድር ሰው ሲበዛበት ለሁለት ተከፍሎ ያውቃል። ድንኳኑ ለማን፣ ብረት ድስቱ ለማን፣ አግዳሚ ወንበሩ ስንት ስንት፣ ባንክ ያለው ብር እንዴት፣ ሁሉም ደንቡ ላይ ነበር። ዳኛውና ጸሐፊው መዝገቡን ይዘው ቆጠሩ፣ ተፈራረሙ፣ አለቀ። ሁለቱ እድሮች ዛሬም አንዱ የሌላውን ቀብር ይደርሳል። ድንኳን ለመካፈል ደንብ የጻፈ ሕዝብ፣ የመቶ ሺህ ሰው ድምፅ ለመካፈል ደንብ የሌለው ፓርቲ ለምን ይሸከማል?

በገዢው በኩል ያለውም መቀያየር አለው፤ መልኩ ግን ሌላ ነው። በኅዳር 1973 ከኢሕአፓ የወጡ ሰዎች ኢሕዴንን መሠረቱ። በ1986 ብአዴን ሆነ። በ2011 አዴፓ ሆነ። ከዓመት ትንሽ አልፎ በ2012 ከሌሎቹ ጋር ተዋህዶ ብልጽግና ሆነ፤ ሕወሓት አልገባም ብሎ ቀረ። ወረዳችን ላይ የነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ እነዚያው ናቸው። ቢሮው ላይ ያለው ሰሌዳ ተለወጠ፣ ንቡ ወርዶ አምፖሉ ወጣ። ለዚህ ነው ገበሬው ስሙን ለማጥናት የማይቸኩለው።

ከዚያ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ፣ አብን፣ መጣ። በሰኔ 2010 ባሕር ዳር ላይ ሲመሠረት የሰሜን ሸዋ ወጣት ምን ያህል እንደተነሳ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መዐሕድ ውስጥ የነበረው የድሮው ክርክር በአዲስ ጉልበት ተመለሰ። በ2013 ግን ምርጫው የደረሰው አጣዬ በተቃጠለች ማግስት ነው። ሰው ድምፅ የሚሰጠው ዘመዱን ቀብሮ፣ ደብረ ብርሃን የተፈናቃይ መጠለያ እየኖረ ነበር። አብን ለፌዴራሉ ምክር ቤት አምስት መቀመጫ አገኘ።

በመስከረም 2014 መንግሥት ሲመሠረት የአብን ሊቀመንበር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆኑ። ኢዜማ የተባለው ሌላው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ብርሃኑ ነጋም የትምህርት ሚኒስትር። በሌላ በኩል በአብን ምልክት ፓርላማ የገቡት ክርስቲያን ታደለ መንግሥትን አጥብቀው ሲተቹ ቆይተው በ2015 መጨረሻ ታሰሩ። በብልጽግና የተመረጡት የክልሉ ምክር ቤት አባል ዮሐንስ ቧያለውም ታሰሩ። አንድ ምልክት የያዙ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ካቢኔ፣ አንዱ እስር ቤት። ሁለት ምልክት የያዙ ሁለት ሰዎች ደግሞ አንድ እስር ቤት። ማን ከማን ጋር ነው ብሎ የሚጠይቀውን ሰው እንዴት ሐሜተኛ እንለዋለን?

አብሮ መሥራትን አልጠላም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 56 ፓርቲዎች ተጣምረው መንግሥት ሊመሠርቱ እንደሚችሉ ይላል። ተቃዋሚ ሥልጣን ስለተሰጠው ብቻ ሸጠን የሚባለውም አይመቸኝም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከምርጫው በፊት ንገሩን። «ካላሸነፍን ሹመት ቢሰጠን እንቀበላለን» የሚል ፓርቲ ሰልፍ ላይ ይበለው። «አንቀበልም» የሚልም ይበለው። መራጩ አውቆ ይምረጥ። ተመራጩ ከፓርቲው ቢወጣ መቀመጫው ከእሱ ጋር ነው የሚሄደው፤ ሕጉ አያስለቅቀውም። መራጩ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማውረድ እንደሚችል አንቀጽ 54 ላይ ተጽፏል፤ እኛ ወረዳ ሲደረግ ግን አላየሁም።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ዞናችን ጦርነት ውስጥ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሰው ይሞታል። መሣሪያ ያነሱት ወገኖችም ሲከፋፈሉና መልሰው ሲገጥሙ እንሰማለን። እዚያ መለያየት የሚፈታው በምርጫ ቦርድ ደብዳቤ አይደለም። ስለዚህ ፓርቲዎች ተጣልተው በሰላም የሚለያዩበትን ሥርዓት መልመድ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ደም የማይፈስበት ጠብ ማወቅ አለብን።

በአዋጅ 1162/2011 አገር አቀፍ ፓርቲ ለማቋቋም አሥር ሺህ፣ ክልላዊ ለማቋቋም አራት ሺህ መሥራች አባል ያስፈልጋል። ድሮ 1,500ና 750 ነበር። ይህ ማለት ፊርማ አሰባሳቢዎች እንደ ድሮው አዲስ አበባ ተቀምጠው አይጨርሱም፤ ወደ ወረዳ መውረድ አለባቸው። የወረዳ ሰው ጉልበት ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ጋሼ ዘንድም ወጣቶች መጥተው ነበር። አሁን ሱቁን ልጃቸው ነው የሚይዘው፤ እሳቸው ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጆቹ ትሑት ናቸው፣ ቆመው ነው ያናገሯቸው። «ጋሼ፣ የእርስዎ ስም ካለበት ሰዉ ይፈርማል» አሏቸው። እሳቸው ፎርሙን አልጠየቁም። ደንቡን ጠየቁ። «ስትጣሉ ምን እንደምታደርጉ የሚለውን ገጽ አውጣልኝ» አሉት አንደኛውን። ልጁ አገላበጠ። ዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚል አገኘ፣ አባልን ስለማገድ የሚል አገኘ። ስለ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ስለ መዋጮው፣ ስለ አባላት መዝገብ፣ አንድ ሌላ ፓርቲ ጋር ስትገጥሙ ወረዳው ይጠየቃል ወይስ ይነገረዋል ስለሚለው ምንም አልነበረም።

«እንግዲህ ጻፉትና አምጡት» አሉ ጋሼ። «ወረዳው ሳይሰበሰብ ከማንም ጋር አንገጥምም፣ ወረዳው ሳይሰበሰብ ከማንም ጋር አንለያይም ብላችሁ ጻፉ። ሒሳቡም በየዓመቱ እዚሁ ገበያ መሐል ይነበብ። ያኔ እኔ መጀመሪያ እፈርማለሁ።» ልጁ ደንቡ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ እናቀርበዋለን አላቸው። «ጉባኤው መቼ ነው?» ሲሉት ቀኑ ገና አልተቆረጠም አለ። «ቀኑ ሲቆረጥ እኔም እጠራለሁ?» አሉት። ልጁ ጓደኛውን አየና «ይጠራሉ» አላቸው።